እስከ ደሴ የምትሄደው አግዳሚ

ሐምሌ 28 ቀን 1973

ዝናብ። ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዋለ። ዒድም አለፈ፣ ያለ ባሌ፣ ያለ ነጅመዲን። የጦር ጭነት ጭነህ ወደ ሰሜን ውጣ ተብሎ ከሄደ ወዲህ ድምፁ የለም። ጎረቤቱ "ዒድ ሙባረክ" ብሎ ገብቶ ወጣ፣ ከዚያ በሩን ዘጋሁ።

ከልጆቹ ጋር ትምህርታችንን ቀጠልን። ትምህርት ከተባለ... ምስር ስለቅም ይማም ጠጠሮቹን ይቆጥራል። አራት ዓመቱ ነው፤ ከሰባት ቀጥሎ ዘጠኝ ይላል። ስምንት ምን እንዳደረገችው እንጃ። ሰዓዳ ደጃፍ ጭቃው ላይ በእንጨት ፊደል ትጽፋለች። ዝናቡ ያጠፋል፣ እሷ ትጽፋለች።

ከዚያ የመኪና ጨዋታ። አግዳሚዋ ወንበር መኪና፣ የድስት ክዳን መሪ። ሰዓዳ ሾፌር፣ ይማም ረዳት። እኔ? ጭነት ነኝ። ሁልጊዜ ጭነት! ከመገናኛ ተነስተን ኮተቤ፣ ሰንዳፋ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ... አባታቸው የከተሞቹን ስም ያስተማረን እስከዚያ ነው። ደሴ ስንደርስ ሰዓዳ ፍሬን ትይዛለች። ጨዋታውም እዚያ ያልቃል።

ነሐሴ 9

ሾላ ገበያ ወሰድኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቅመም በሽታ መለየት። ሰዓዳ ኮረሪማውንም፣ አብሹንም፣ ጥቁር አዝሙዱንም አወቀች። ለይማም ሁሉም በርበሬ ነው። ሻጯ ሳቀች፣ "ነጋዴ ልታደርጊያቸው ነው?" እያለች። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ስንመለስ ሲግናል አጠገብ የነጅመዲንን መኪና የመሰለ አየሁ። ሁለቱንም እየጎተትኩ ሮጥኩ። ሾፌሩ ሌላ ሰው። "ምን ልርዳሽ እህቴ?" አለኝ። ምን ልበለው?

ነሐሴ 16

እትዬ ዲንቄ መጡ። ከጎረቤት ሁሉ ሳይጠሩ የሚመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ለይማም በኦሮምኛ መቁጠር አስተማሩት... ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። ጉድ ነው፣ በኦሮምኛ ስምንትን አልዘለላትም! "ሰዴት" ብሎ አልፎ ሄደ።

ሲወጡ በር ላይ ቆም አሉ። "አንቺ ፋዲላ፣ ይቺ ልጅ ዘንድሮም ከቤት ልትቀር ነው?"

"እትዬ፣ እጇ ጆሮዋ አልደረሰም እኮ።"

"ለክተሻታል?"

ትምህርት ቤቱ በእጅ ነው የሚለካው። ቀኝ እጅ በአናት ላይ ዞሮ ግራ ጆሮን ከያዘ ልጁ ለአንደኛ ክፍል ደርሷል። አምና አልደረሰችም። ዘንድሮ አልለካኋትም። ደርሳ ቢሆንስ? ማን ያወራኛል በጠዋት?

ነሐሴ 27

ነጅመዲን መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ዛሬም "ጠብቂ" አሉኝ። እሺ፣ ከማን ጋር?

ጳጉሜ 2

እትዬ ዲንቄ ቢነዘንዙኝ ሰዓዳን ለምዝገባ ወሰድኳት። መምህሩ "እጅሽን በአናትሽ አዙሪና ጆሮሽን ያዢ" አሏት። አዞረች። ጥረቷን ላየ ያሳዝናል፣ ግን ጣቷ ከጆሮዋ በላይ ቀረ። "ለከርሞ" አሉ።

ደስ አለኝ። እናት እንዲህ ትላለች? ግን ደስ አለኝ። ከረሜላ ገዝቼላቸው መንገዱን ሁሉ እየዘፈንኩ መጣሁ። ሰዓዳ የሷን ሳትበላ ለይማም ሰጠችው።

ጳጉሜ 3

የሩፋኤል ዝናብ። የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ልብሱን አውልቆ ወጣ። "ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!" እስላም ክርስቲያን የለም፣ ማደግ የማይፈልግ ማን አለ? ይማም ጉሮሮው እስኪነቃ ጮኸ። ሰዓዳ ግን ጥግ ቆማ ታያለች። ዝናቡ ውስጥም አልገባችም።

ሳደራርቀው ይማም "አደግኩ?" አላት። "እስቲ እንለካህ፣ እንዲህ አድርግ" ብላ አሳየችው። እጇ በአናቷ ዞሮ ጆሮዋን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። እስከ ሥሩ።

ፎጣው ከእጄ ወደቀ።

"ሰዓዳ... ትናንትናስ?"

መሬት መሬት ታያለች። "እኔ ከሄድኩ አንቺን ማን ይነዳሻል? ይማም ረዳት ነው፣ መንዳት አይችልም።"

ጣቷን አጥፋ ነበር። ለእኔ ብላ። ፊደልና ቁጥር ያስተማርኳት መስሎኝ... ለካ ብቸኝነቴንም አጥንታው ኖሯል። አቅፌያት አለቀስኩ። ልጆቹ ፊት እንዲህ አልቅሼ አላውቅም። ይማምም ምኑም ሳይገባው አብሮኝ አለቀሰ።

ጳጉሜ 4

ተመልሰን ሄድን። ከመግባታችን በፊት በሩ ላይ ቁጢጥ ብዬ "ጣትሽን ዘርጊ፣ እኔ መንዳት እማራለሁ" አልኳት። ጆሮዋን ያዘች። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ "በሁለት ቀን?"

"ትናንት ዝናብ መታት" አልኩ።

ሳቁና መዘገቧት።

መስከረም 11

ሰዓዳ ዛሬ ትምህርት ቤት ገባች። በሩ ላይ እጄን ስትለቅ ዞራ ታየኛለች ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አላየችኝም። እሰየው። ግን አንጀቴን በላችው።

ቤቱ... ወይ ዝምታ! ደመናው ተገፎ እንጦጦ ጥርት ብሎ ይታያል፣ እኔ ግን ተመልሼ ብተኛ በወደድኩ። ምስሩን አወጣሁ። ይማም ቆጠረ፣ "ስድስት፣ ሰባት፣ ሰዴት፣ ዘጠኝ።" ስምንት በመጨረሻ ተገኘች። በየት በኩል እንደመጣች አልጠየቅኳትም።

ከዚያ አግዳሚዋ ጫፍ ላይ፣ ረዳት ቦታው ላይ ተቀመጠ። የሾፌሩ ቦታ ባዶ። ጠበቀኝ። የድስቱን ክዳን አንስቼ ተቀመጥኩ።

መገናኛ፣ ኮተቤ፣ ሰንዳፋ... ደብረ ሲና ላይ ጭጋግ ነው ብሎ በሁለት እጁ መስታወት ጠረገልኝ። ኮምቦልቻ። ደሴ።

"ደርሰናል እማ፣ ፍሬን ያዢ።"

አልያዝኩም።

"እማ! ከደሴ ወዲያ ምን አለ?"

"እንጃ ልጄ። በመስኮት እያየህ ንገረኝ።"

ወንዝ አለ አለ። ግመል አለ አለ። ሰዓዳ ከትምህርት ቤት እስክትወጣ ድረስ ነዳሁ።