ቀለም የተቀባው ብረት

ጀይሉ፣

ውሃ ዛሬ ስለሚመጣ በርሜሉን ሙላ። ምስሩ ድስቱ ውስጥ ነው፣ ብላው።

ገደሉ ላይ ስንወጣ ገመድ የምናስርበትን የዛገ ብረት ቀየርኩት ብለኸን ነበር። ለካ ቀለም ቀብተኸው ነው። ብረት መቀየሩ በፈቃዳችን የያዝነው ሥራ ነው፣ ማን አስገደደህ?

ብረት የቀየረ ሰው ቀድሞ ራሱ ይንጠለጠልበታል፣ ደንባችን ይሄ ነው። አንተ ቸኩያለሁ ብለህ ወረድክ። እኔም «የጀይሉ እጅ ነው፣ አትፍሪ» ብዬ እህቴን አፍናንን ላክኋት።

አፍናን ስትንጠለጠልበት ተነቅሎ መጣ። አልሐምዱሊላህ፣ ሙጂብ የተከለው የታችኛው ብረት ገመዷን ይዞ አተረፋት።

አዲሱን ከጁምዓ በኋላ እንተክላለን።
እንዳትመጣ።

ያንተን ብረት ከአልጋህ በላይ ግድግዳው ላይ ቸንክሬልሃለሁ። ጃኬትህን ስቀልበት። ስልክህን ግን መጀመሪያ ከኪሱ አውጣው።

ሙሀመድኑር