ዋና መዝጊያ ማን ነው?

ጥቅምት 4

ዛሬም ክፍሌ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ልጅ። አንዱ አፍንጫው ውስጥ አተር ከተተ። አወጣሁለት። ሌላው እንዴት እንደወጣ ለማየት ብሎ እሱም ከተተ።

ቤት ስገባ አማቼ፣ የባሌ አባት፣ ልብስ ማስጫው ሥር ቆመዋል። "እነዚህ የማን ናቸው? እዚህ ቤት ልጅ የለ" አሉ። ሁለት የልጅ ሱሪ፣ አንደኛው ጉልበቱ ላይ ዳክዬ ያለበት። ክፍል ውስጥ ተረስተው፣ ባለቤት አጥተው፣ አምጥቼ ያጠብኳቸው ናቸው። ነገርኳቸው። "አንቺ ደግሞ የሰው ሱሪ ትሰበስቢያለሽ" ብለው ገቡ።

የወጥ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ጠብ... ጠብ... ይላል። አርባ ዓመት ቧንቧ የሠራ ሰው ያለበት ቤት እኮ ነው። "ነገ" ይላሉ። ነገ ሲሉ ሦስት ወር ሆናቸው።

እራት ላይ ስልካቸውን አውጥተው መድረኩን አነበቡልን። ሦስት ሺህ የቧንቧ ሠራተኞች በኢንተርኔት የሚመካከሩበት፣ ይበልጡን ደግሞ የሚሰዳደቡበት መድረክ። አወያዩ "ዋና መዝጊያ" ይባላል፣ የቤት ውሃ ሁሉ በሚዘጋበት ቁልፍ ስም። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ የለም።

"ይሄ ሰውዬ" አሉ አማቼ ጣታቸውን አንስተው፣ "ቢያንስ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ከአነጋገሩ ያስታውቃል። አይቸኩልም።"

ባሌን ውሃ ትን አለው።

ዋና መዝጊያ እኔ ነኝ።

ጥቅምት 5

እንዴት እዚህ ውስጥ ገባሁ? ከሁለት ዓመት በፊት የክፍሌ እጅ መታጠቢያ ልጆቹ በሚጫወቱበት ጭቃ ተደፈነና ልጠይቅ ገባሁ። ሁለት ሰዎች በእኔ መታጠቢያ ምክንያት ተጣሉ። ሠላሳ ሁለቱም ልጆቼ ተጣልተው ሲመጡ የሚሉት አንድ ነው፣ "እሱ ነው የጀመረው።" ለነሱ የምለውን ጻፍኩላቸው፦ "ማን ጀመረ አልጠይቅም። አምስት አምስት ደቂቃ ዝም በሉና ተመለሱ።"

ዝም አሉ። ተመለሱም።

መድረኩን የከፈተው ሰውዬ መሮት ነበር መሰለኝ፣ በማግስቱ ኃላፊነቱን ለእኔ ጥሎ ጠፋ። ሙያህ ምንድን ነው እንኳ አላለኝም። እኔም አልተናገርኩም። ዋሸሁ እንዴ? ስለ ቧንቧ አንድም ቀን ምክር ሰጥቼ አላውቅም። "ወንድሜ" ሲሉኝ ግን አላረምኳቸውም...

ጥቅምት 7

ዛሬ አማቼን አገድኩ።

ምን ላድርግ? መድረኩ ላይ ስማቸው "አርባ ዓመት" ነው። "ብሎን" የሚባል ሰው የገጠመውን ቧንቧ ፎቶ ስለለጠፈ ብቻ "እጅህ ቢቆረጥ ለአገር ይጠቅማል" አሉት። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ የተሳደበ ሦስት ቀን አይጽፍም። አሥር ደቂቃ ጣቴ ስልኩ ላይ ተንከራተተ። ከዛ ተጫንኩት። ከሳሎን "ምን?" የሚል ድምፅ ተሰማ።

እራት አልበሉም።

ጥቅምት 8

በራቸውን ዘግተው አኩርፈዋል። ባሌ አንኳኳ። "አልራበኝም" አሉ። ልጆቼ ሲያኮርፉ መጫወቻ ሰጥቼ እተዋቸዋለሁ። ለአማች ምን ይሰጣል?

"ንገሪያቸውና ይውጣልሽ" አለኝ ባሌ።

"ምን ብዬ? አባባ፣ ያገድኩዎት እኔ ነኝ፣ ሻይ ልቅዳልዎት?"

ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ነገር ላይ የኔን ሐሳብ ጠይቀው አያውቁም። ለሰው ሲያስተዋውቁኝ "ሕፃናት ታጫውታለች" ነው የሚሉት። ለዋና መዝጊያ ግን "እርስዎ እንዴት ያዩታል?" ብለው ይጽፋሉ። በእርስዎ! የሰው ነገር... ያቺን "እርስዎ" ማጣት አልፈልግም። ይኸው ነው።

ጥቅምት 10

እገዳው አለቀ። ደቂቃ ሳይሞላ ጻፉ፦ "አወያይ ሙያውንና የሥራ ዘመኑን ይግለጽ። ፊቱን ሸፍኖ ማንም አይዳኘንም። እሁድ ድምፅ ይሰጥ። ያልገለጸ ይውረድ።"

መቶ ሰማንያ ሰው ደገፈ። ብሎን ሳይቀር። ለማን ብዬ ነበር ያን ሁሉ ጣጣ... አይ ሰው።

ግን እኮ እውነታቸውን ነው። የማላውቀው ሰው መጥቶ ልጆቼን ቢቆጣ "አንተ ማን ነህ?" አልለውም? ደግሞ ብናገርስ ማን ይሰማኛል? "ዝም በሉ" ያለው የሠላሳ ዓመት ሠራተኛ ሲሆን ፍርድ ነው፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ስትሆን ድፍረት። ቃሉ ያው አንድ ቃል።

ጥቅምት 12

ጉድ ሆንኩ።

ጠዋት ተቻኩዬ ለወላጆች የጻፍኩትን መልእክት መድረኩ ላይ ለቀቅኩት። ለሦስት ሺህ የቧንቧ ሠራተኛ፣ በዋና መዝጊያ ስም፦

"ውድ ወላጆች፣ ነገ ልጆቹ በውሃ ስለሚጫወቱ ቅያሪ ሱሪ ይላክ። ሱሪው ላይ ስም ይጻፍ። ባለፈው የተረሱት ሁለት ሱሪዎች፣ አንዱ ዳክዬ ያለበት፣ ታጥበው እኔ ቤት አሉ።"

እስከ ምሳ ስልኬን አላየሁም። ስከፍተው አራት መቶ መልስ። "አለቃ፣ ባለ ዳክዬው የኔ ነው።" "ካልሲስ ላይ ስም ይጻፋል?" "ነገ አልመጣም፣ አሞኛል፣ እማዬ ትጽፍልኛለች።" ብሎን ከልቡ ጠየቀ፦ "ዳክዬ የሚባለው አዲስ የመጣ መገጣጠሚያ ነው?"

አርባ ዓመት ምንም አልጻፉም።

ቤት ስገባ ልብስ ማስጫው ሥር ቆመዋል። ባለ ዳክዬውን ሱሪ በሁለት ጣታቸው ይዘው። እኔን አዩኝ። ሱሪውን አዩት። መልሰው አሰጡትና በመቆንጠጫ ያዙት። ዞረው ገቡ።

ጥቅምት 14

ቅዳሜ። ስነሳ የመፍቻ ሳጥናቸውን ወጥ ቤት አምጥተው ተቀምጠዋል።

"ነይ" አሉ። ሄድኩ።

"ስንት ዓመት አስተማርሽ?"

"አሥራ አንድ፣ አባባ።"

"ጎማ ቀይረሽ ታውቂያለሽ?"

"የመኪና?"

ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። "የቧንቧ። ውሃው እንዳያፈስ ውስጡ ያለችውን።"

"አላውቅም።"

"አንድ ጎማ ያልቀየረ ሰው እኔን አግዶ አይቀርም" አሉና መፍቻውን አስጨበጡኝ። ቁጣ ስጠብቅ ማሳየት ጀመሩ። ወደ ግራ። ቀስ። ከትከሻሽ ሳይሆን ከእጅሽ። ፈታሁት፣ የላይኛው ክዳን ወጣ፣ ከዛ ውሃው እስከ ጣሪያ። ለካ የቤቱን ዋና መዝጊያ ሳልዘጋ ነው የጀመርኩት። ሁለት ዓመት በስሙ ተጠርቼ! ባሌ ከነፒጃማው ሮጦ ዘጋው።

አማቼ ከአናታቸው እስከ እግራቸው ርሰው "ውሃው ተዘግቷል ወይ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነበር" አሉ። "ግድ የለም። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ይረሳል።"

ጎማዋን እኔ ቀየርኳት። በእጄ። ቧንቧው ዝም አለ። ወለሉን ባገኘነው ጨርቅ ሁሉ ስንወለውል፣ ቀና ሳይሉ "ለዚያ ብሎን ለሚባለው ልጅ ያልኩት... በዝቶበታል እንዴ?" አሉ።

"በዝቶበታል፣ አባባ።"

"አንቺ እንዴት ታይዋለሽ? ይቅርታ ልበለው?"

ጠየቁኝ። የኔን ሐሳብ። በ"አንቺ" ነው የጠየቁኝ፣ ከ"እርስዎ" በልጦ ጣፈጠኝ። እርጥብ ጨርቅ ይዤ እንባዬ መጣ።

ጥቅምት 15

ድምፁ ሳይጀመር ቀድሜ ጻፍኩ፦ "የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የቀየርኩት ጎማ ብዛት፣ አንድ። ትናንት። ቧንቧውን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የማውቀው የተጣላ ሰው መገላገል ነው። ስሜን አልናገርም፣ የታገደ ሰው ሁሉ ትምህርት ቤቴ በር ላይ እንዲጠብቀኝ አልፈልግም። በሉ ምረጡ።"

ከሁሉ ቀድመው አርባ ዓመት ጻፉ፦ "ሥራዋን በዓይኔ አይቻለሁ። የነካችው አያፈስም። ትቆይ።" ስለ ጣሪያው ትንፍሽ አላሉም። ከሥሩ ብሎንን ይቅርታ ጠየቁት።

ሁለት መቶ አርባ ለሠላሳ አንድ። ቆየሁ።

ጥቅምት 22

አሁን ሁሉም "ቲቸር" ነው የሚለኝ፣ ጡረታ የወጡት ሳይቀሩ። ሲጣሉ ራሳቸው "ሂድ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለህ ና" ይባባላሉ። ሥራ ሊያሳጡኝ ነው። ዛሬ አማቼ ከአዲሷ ጎረቤት ጋር ሲያስተዋውቁኝ "ሦስት ሺህ ሰው ታስተዳድራለች" አሉ። ሠላሳ ሁለቱን ረሷቸው።

እራት ሳቀርብ ስልኬ ጮኸ። አርባ ዓመት ብሎንን "አንተ ደነዝ" ብለውታል። በሳምንቱ! አነበብኩት። ተጫንኩት። ሦስት ቀን።

የወጥ ቤቱ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። አማቼ ስልካቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ቆመዋል።

"እሱ ነው የጀመረው" አሉ።