በገዛ ለቅሶዬ የበላሁት ንፍሮ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለእትዬ ጥሩወርቅ፣ ደብረ ማርቆስ።

እንደምን ሰነበትሽ፣ እንደምን ከረምሽ? ያ የጉልበትሽ ቁርጥማት ከክረምቱ ጋር አብሮ ወጣ ወይስ ቤት ተከራይቶ ቀረ? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗ እንዴት ሆነላት? አሁንም ክሩን በመርፌ የማሾልከው እኔ ነኝ እያለች ከልጆቹ ጋር ትጣላለች? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ያ ተናካሹ ውሻ ሳይቀር ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብዬ እንዳልቀጥል ሁለት ነገር ያግደኛል። አንደኛው፣ ደህና አይደለሁም። ሁለተኛው፣ ምናልባት ሞቷል ተብሎ ተነግሮሽ ይሆናል።

አልሞትኩም። የእጅ ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፤ እንዲህ የተንሻፈፈ ፊደል ከወዲያኛው ዓለም አይመጣም። ሰሞኑን ባለቤትሽ አቶ ከበደ ዓይንሽን ማየት ከፈራ፣ ከሽማግሌዎች ጋር አጥር ጥግ ከተንሾካሾከ፣ ሌላ ሴት ይዞ እንዳይመስልሽ። የያዘው ቴሌግራም ነው። መርዶ በወንድ ይሄዳል ብለው በእሱ ስም የላኩት የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር አቶ ግርማ ናቸው። ለእማዬ ሳይነገር አምጣው በይና ቅደጂው። እኔም ወዲያው «አልሞትኩም፤ ደብዳቤ ይከተላል» የሚል ሌላ ልኬያለሁ። የቴሌግራሙ ጸሐፊ ላኪው ማነው ቢለኝ ሟቹ ነኝ አልኩት። ሰውየው ፈገግም ሳይል፣ ሟች ከሆንክ በሌላ ሰው በኩል ላክ አለኝ። ስንከራከር ቆይተን በመጨረሻ በስሜ ተቀበለኝ። ሁለቱ ቴሌግራሞች ባንድ ቀን ደርሰው ከሆነ፣ ከበደ የትኛውን እንዳመነ እግዜር ይወቅ።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ዝም ብዬ መቀመጥ ስለማልችል ብዕሩን እየጣልኩ ግቢውን ዞሬ እመለሳለሁ፤ መሥመሩ ከተዛባብሽ ዞሮ መጣ በይ።

የጀመረኝ መስቀል ሳይደርስ ነው። ክፍል ውስጥ ካርታው ፊት ቆሜ የዓባይን ገባሮች ሳስቆጥር ልቤ ድንገት እንደ ነጋሪት ይጎሰም ጀመር። እጄ ቀዘቀዘ፣ አየሩ አለቀብኝ፣ አሁን ሞትኩ አልኩ። አልሞትኩም፤ በማግሥቱ ግን እንደገና ሞትኩ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ራቀኝ፣ ወንበር ጠላኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ የጀጎልን ግንብ በውጭ እዞራለሁ፤ ባንዱ በር እገባለሁ፣ በሌላው እወጣለሁ። በየበሩ ያሉት ነጋዴዎች ኮንትሮባንድ ፈታሽ መስዬያቸው ባዩኝ ቁጥር ጨርቃቸውን ይሸሽጉ ጀመር። መጻሕፍትም አገላብጬ ነበር። የማነበው በሽታ ሁሉ የኔው ሆኖ ስላገኘሁት፣ የማሕፀን ሕመም ምዕራፍ ሲደርስ ዘጋሁት።

ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ፈረንጁ ሐኪም ደረቴን ሲያዳምጥ ቆይቶ ለሚያስተረጉምለት ድሬሰር ለሳኒ አንድ ነገር ተናገረ። ሳኒም ዞሮ ልብህ የበሬ ነው አለኝ። ሐኪሙ ነው እንዲህ ያለው ብዬ ብጠይቀው፣ ሐኪሙ ደህና ነው ብሎ ነው፣ በሬውን የጨመርኩልህ እኔ ነኝ አለ። እንደገና ስመለስ ግን ሐኪሙ አስቀምጦ ብዙ ጠየቀኝ፤ እንቅልፌን፣ ፍርሃቴን፣ በዘመድ እንዲህ የታመመ እንዳለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ ይህ በሽታ ነው፣ ስም አለው፣ ሐኪምም አለው፤ ሐኪሙ ግን እዚህ ሳይሆን አዲስ አበባ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው፤ እጽፍልሃለሁ። ሳኒም ከራሱ ጨምሮ፣ አብደሃል ማለቱ አይደለም ጋሼ መምህር ብሎ አጽናናኝ። ያጽናናኝ ግን ኮሪደሩን ሞልቶ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ነበር።

እትዬ፣ በዘመድ አለ ወይ ሲለኝ ማን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ። አጎታችን ሥራዬ። የጓሮው ጎጆ፣ ግንዱ፣ የእግር ብረቱ። እንግዳ ሲጠይቅ ሥራዬማ ሞቷል እንል ነበር፤ እንግዳውም ነፍስ ይማር ብሎ ጠላውን ይጨልጥ ነበር፤ አጎታችን ደግሞ ከጓሮ ሆኖ ይሰማ ነበር። ባለፈው ደብዳቤሽ ወደ ቤትህ ና፣ ጠበል እናስጠምቅሃለን ብለሽኛል። ጠበሉን ጠልቼ አይደለም፤ ሐኪሙም አልከለከለኝም፣ አስጠይቄዋለሁ። የምፈራው ጠበሉ ባይዝልኝ ቀጥላ የምትመጣውን የጓሮ ጎጆ ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ልሄድ ቆረጥኩ። መቁረጥ በነጻ ነው፤ የቀረው ሁሉ በገንዘብ ነው። ባቡሩ፣ አልጋ እስኪገኝ ማደሪያው፣ መድኃኒቱ፣ በዚያ ላይ ደመወዝ የሌለበት ፈቃድ። አቶ ግርማ ፈቃዱን አልከለከሉኝም፤ ብቻ በማመልከቻህ ላይ አእምሮ የሚለውን አውጣና ጉበት በል አሉኝ። ጉበት ጨዋ በሽታ ነው፣ ማንም ሊታመመው ይችላል አሉኝ። እኔም ለጊዜው ጉበት አልኩ።

ለገንዘቡ ወደ ዕድራችን ሄድኩ። የዕድሩ ዳኛ ባሻ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ድሮ ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ደግ ሽማግሌ። ጉዳዬን ሲሰሙ ቆይተው፣ ልጄ፣ ደንቡን የጻፍከው አንተ አይደለህም ወይ አሉኝ። እኔ ነኝ። የተማረ ነው ብለው አጽፈውኝ፣ «ዕድሩ ለሞት እንጂ ለሕመም አይከፍልም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አሳምሬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ያን ቀን አጨብጭበውልኝ ነበር። ባሻም አንተን ብንረዳ ነገ ጥርሱን ያመመው ሁሉ ይሰለፋል ብለው፣ እያዘኑ ሸኙኝ።

ከዚያ ስወጣ ለቤት አከራዬ ለአዴ ኸዲጃ ድመት ሳምባ ገዛሁ፤ በወረቀት ጠቅልዬ ኮቴ ኪስ ከተትኩት። ወደ ቤት ልገባ ስል እግሬ እምቢ አለኝና በኤረር በር ወጥቼ ቁልቁል ሄድኩ። ገደሉ አጠገብ ስደርስ ያ ነጋሪት ተነሣ። ኮቱ አንገቴን ያነቀኝ መስሎኝ አውልቄ ድንጋይ ላይ ጣልኩትና ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ድሬ ጠያራ የሚሉት መንደር ስደርስ አንድ የማሽላ ክምር ሥር ወደቅሁ። የእርሻው ባለቤት ሙሜ የሚባል ሰው ነው። በሸሚዝ ቁጭ ብዬ ስንቀጠቀጥ አግኝቶኝ፣ ጌታው፣ መሬት ልትለካብኝ ነው የመጣኸው አለኝ። ታምሜ ነው አልኩት። ምንህን ሲለኝ ነርቭ አልኩት። እሱን ጂን አላውቀውም፣ ከናንተ አገር መሆን አለበት አለ። አብልቶ ሽርጥና ጋቢ አልብሶ አስተኛኝ። እግሬ አልታዘዝ ስላለኝ በማግሥቱም እዚያው ዋልኩ። ስንት ወር የሸሸኝ እንቅልፍ ያገኘኝ በማሽላ አገዳ ላይ ነው።

እኔ ስተኛ ጅቡ አልተኛም። የሐረር ጅብ ከሰው እጅ ሥጋ የሚቀበል የተከበረ የከተማ ነዋሪ ነው፤ የአገሩ ሰውም ጅብ ጂን ይበላል ይላል። የድመቷን ሳምባ ፍለጋ ኮቴን በጣጥሶ፣ በደም ለውሶ፣ የኪሴን ጠመኔ በትኖ ሄደ። እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች አገኙት፤ ጠመኔውን ያየ ሁሉ የመምህሩ ነው አለ። ዞሮ ዞሮ ይኼው ተበላ ተባለ። ጡሩንባ ተነፋ። ዕድሩም በደንቡ መሠረት ከፈለ።

በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ፤ ባሻ ይህችን ቁጥር እስከ ዛሬ አልወደዷትም። የአዴ ኸዲጃ ሰፈር መንገድ አህያ ከነጭነቷ የማታልፍበት ቀጭን ነው። ድንኳኑን ከግድግዳ ግድግዳ ወጥረውት መንገዱ ተዘግቷል። ሰው ሞቷል፣ ደርሼ ልውጣ ብዬ የሙሜን ጋቢ ተከናንቤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ንፍሮ ሰጡኝ፣ በላሁ። ንፍሮ ሃይማኖት የለውም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይቆረጥማል። ንግሥት የምትባለው የዕድራችን አልቃሽ፣ አንተ ቀለም አዋቂ፣ እንግዲህ ማመልከቻ ማን ይጽፍልናል እያለች ደረቷን ትደቃለች። የተማረ ሰው ነው የሞተው ብዬ አዘንኩ። ወዲያው አንዱ ጎኔ የተቀመጠ፣ ምን ነበር ያመመው ብሎ ጠየቀ። ሌላው ጉበት አለ። እንዲያው ደህና ሰው ነበር፣ ጉበት ነው የጎዳው አለ ሌላውም። ድንኳኑ በሙሉ ጉበት፣ ጉበት አለ።

ያን ጊዜ ማን እንደሞተ ገባኝ።

እትዬ፣ ያን ሁሉ ሰው ተመልከቺ። ታመምኩ ስል አንድም አልመጣም፤ ሞተ ሲባል ቦታ ጠፋ። መቀመጥ አቃተኝ፤ መቼስ መቀመጥ አልችልም። ተነሥቼ ጋቢውን ከራሴ አወረድኩና፣ ጉበት አይደለም፣ አእምሮዬን ነው የታመምኩት አልኩ። ካንደበቴ የወጣው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፤ አልሞትኩም ማለት እንኳ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

ንግሥት የጀመረችውን ዋይታ ሳታቋርጥ ወደ ጩኸት ለወጠችው። ባሻ ሦስት ጊዜ አማተቡ። አዴ ኸዲጃ ግን ከውስጥ ወጥታ ጉንጬን ቆንጥጣ አየችና፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጅቡ ጂኑን በልቶ ልጁን ተፋው አለች። ቀጥላም የድመቴ ሳምባስ አለችኝ።

ለቅሶው ሲበርድ ክርክሩ ተነሣ። ለእናንተ ሊላክ የነበረው የኀዘን ገንዘብ ባሻ መሐረብ ውስጥ ተቋጥሮ ነበር። አንዱ ወደ ሣጥኑ ይመለስ አለ። ንግሥት ዘላ ተነሣች። ለለቅሶ የወጣ ገንዘብ ወደ ሣጥን ከገባ ባዶ እጁን አይገባም፣ ሌላ ሬሳ ይጎትታል፤ ይመለስ የምትል አንተ ከሆንክ ቀድመህ ተሰናበተን አለችው። ሰውየው ወዲያው ሐሳቡን ለወጠ። ባሻ ወደኔ ዞረው ደንቡ ምን ይላል አሉ። ስለማውጣት ጽፌያለሁ፣ ስለመመለስ ግን አልጻፍኩም አልኳቸው። እሳቸውም መሐረቡን እጄ ላይ አኑረው፣ እንግዲያው ሟቹ በገንዘቡ ይታከምበት አሉ። ቀጥለውም፣ ሁለተኛ ብትሞት ግን በራስህ ነው አሉኝ። ባሻ ሲቀልዱ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም የቀለዱ አልመሰለኝም።

ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይበቃኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ጅቡም ጂኑን አልበላውም ወይም ጠግቦ ነበር፤ ነጋሪቱ በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። ለአቶ ግርማ ማመልከቻዬን እንደገና ጽፌ ጉበት የሚለውን አውጥቻለሁ። ዲሬክተሩ አንብበው መነጽራቸውን ሦስት ጊዜ ጠረጉና ፈረሙ። ሐሙስ ከድሬዳዋ በባቡር እሄዳለሁ። ሳኒ እስከ ጣቢያው ልሸኝህ ብሎኛል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲሰናበተኝ ለምኜዋለሁ። ያድኑኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ፈርቻለሁም። ይሁን እንጂ ስም ያለውን በሽታ ስም ያለው ሐኪም ዘንድ ይዤ መሄዴ ነው።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ስትጽፊልኝ በፖስታው ላይ ስሜን፣ ከሥሩም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ብለሽ በሙሉ ጻፊ። አታሳጥሪው፣ በዘመድ ቤት በኩልም አትላኪው። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ያንብበው፣ ጎረቤትም ይስማው። ከሰማ ይጠይቀኝ፤ ለለቅሶዬ እንዳይደክም።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሚልኝ፤ ልጅሽ ታሟል፣ ሐኪም ዘንድ ነው በያት፤ ጉበት ግን አትበያት። ለአቶ ከበደ ሰላምታዬን አቅርቢ፤ ኪሱን መፈተሽሽን አይቀየምሽ። ለልጅሽ ለማርታ ያን ክፉ አጻጻፌን እንዳትወርስ ንገሪያት፤ ትንሹንም ጉንጩን ስመሽ ከአጎትህ ነው በይው። ለጎረቤቶቻችን በየስማቸው፣ ለውሻውም ሳይቀር።

ለአጎታችን ለሥራዬ ደግሞ ወደ ጓሮ ግቢና ከበር ቆመሽ ሳይሆን ፊት ለፊት ራሱን ሥራዬን አነጋግሪው። ገብረመድኅን ሰላም ይልሃል፣ እሱም እንዳንተ ታሟል፣ ሐኪም ፍለጋ ሄዷል፣ ካገኘ ላንተም ይጠይቃል በይው። የሚመልስልሽን ጻፊልኝ። ባይመልስም ዝም ማለቱን ጻፊልኝ፤ ብቻ ሞቷል አትበዪኝ።

ወንድምሽ ገብረመድኅን

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ከኤረር በር አጠገብ
ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.