ደብተርህ ጠፋ ያልኩት እኔ ነኝ

ታዴ፣ አንተ ሰው፣ አፈሩ ይቅለልህ። ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን እንደ አቅሜ አውጥቻለሁ፤ የሱቅ ጎረቤቴ ሐሊማም ከነልጆቿ ስትላላክልኝ ዋለች።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጨርቅ ሱቄም ደህና ይሠራል። ያንን የጣራ ቆርቆሮ የጅግጅጋ ነፋስ ዛሬም ያንኳኳዋል፤ ነገ እመታዋለሁ እያልክ ጥለኸኝ ሄድክ። ሬዲዮኑን ግን ከራስጌያችን አንስቼ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ምክንያቱን በሕይወትህ ሳለህ አልነገርኩህም፣ ዛሬ ልንገርህ። በሬዲዮ እቀና ነበር። በሴት ብቀና እኮ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ ፀጉሯን እይዛት ነበር!

በክልሉ ሬዲዮ ክላሲካል ሙዚቃ ማሰማት የጀመርክ ዕለት ትዝ ይልሃል? ከኤረር እስከ ባቢሌ እየተደወለ የጣቢያው ስልክ ሲንጫጫ ዋለ። ማን ሞተ? የትኛው ባለሥልጣን ነው? ምን ያድርጉ፣ ባገራችን እንዲህ ያለ ቫዮሊን በሬዲዮ የሚለቀቀው ትልቅ ሰው ሲሞት ነዋ። ሐሊማ እንኳ ኢናሊላሂ ብላ ሱቋን ልትዘጋ ነበር። አንተ እየሳቅክ ገባህና ልታጫውተኝ ብትጀምር፣ ይህን የለቅሶ ሙዚቃ ቤቴ እንዳታስገባብኝ ብዬ አቋረጥኩህ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላነሳህልኝም።

ሕዝቡ ግን ለመደው፣ ኧረ ወደደው። ማክሰኞ አስር ሰዓት ሲሆን ባጃጁ ሁሉ አንተን ይከፍታል። ድምፅህ እንዴት ይለሰልስ ነበር! አትቸኩሉበት፣ ይሄኛው እየቆየ ነው የሚገባው፣ ትላለህ ለማታውቀው ሾፌር። እኔ ጋ ስትደርስስ? እራት ደርሷል ወይ፣ በቃ። ምላስህን እዚያ ጨርሰህ ለኔ ድካምህን ይዘህ ትመጣለህ። ሐሊማ የታደልሽ፣ እንዲህ የሚያወራ ባል አለሽ ስትለኝ ጨርቄን እያጣጠፍኩ አልፋታለሁ።

የሞትክ ዕለት ጣቢያው ወሬውን ከመናገሩ በፊት ያንኑ ሙዚቃህን ለቀቀው። ማን ጠረጠረ? ማንም። አስለምደኸው የለ ከተማውን! ከሆስፒታል ያመጣኝ ባለባጃጅ ጭራሽ ድምፁን ጨመረው። ጋሼ ታደሰ ዛሬ ማክሰኞ ሳይሆን ጋበዘን ብሎ ደስ አለው። ሂሳቡን ቆጥሬ ሰጠሁት። ሱቄ በር ላይ አወረደኝና በሰላም ዋይ ብሎኝ ሄደ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ደግሞ አንዲት የደገሀቡር አስተማሪ መጣች። ደረቷን እየመታች ከኔ በላይ አለቀሰች። ሴቶቹ ምኑ ነሽ ቢሏት አድማጩ ነኝ አለች። አድማጩ! እኔ ሚስትህ ቁጭ ብዬ። 

አርባህ እንዳለፈ ፈርሂያ ሱቅ ድረስ መጣች፤ አንተው ያሠለጠንካት፣ ዛሬ ቦታህን የያዘችው ልጅ። አባዮ፣ እህቴ፣ ደብተሩን ስጪኝ አለችኝ፣ ስለየሙዚቃው የምትናገረውን የጻፍክበትን። ያለሱ ሙዚቃውን ብቻ ነው የማጫውተው፣ ሰው ደግሞ የጋሼን ቃል ይጠይቀኛል አለች። ሻይ ያለ ስኳር እንደምትጠጣ፣ ማይክ ከመከፈቱ በፊት ጉሮሮህን ሦስቴ እንደምትጠርግ አጫወተችኝ። እኔ ቤት ሦስት ማንኪያ ነበር የምትጨምረው! ደብተሩ ጠፍቷል አልኳት። ፍራሼ ሥር ነበር። ዓመት ሙሉ እዚያው ተኛሁበት።

አንብቤዋለሁም፣ ያውም ደጋግሜ። የማነበው ስሜን ፍለጋ ነበር። ከየሙዚቃው ጎን ለማን እንደምትጋብዘው ጽፈሃል፦ ለባቢሌው የጭነት መኪና ሾፌር፣ ለኤረሯ አዋላጅ፣ ለደገሀቡሯ አስተማሪ። እሷ አራት ቦታ! እኔ የትም የለሁም። ደብተሩን ከግድግዳ አላተምኩት። ቆይቶ ነው የገባኝ። ቤቴ አታስገባብኝ ያልኩህ እኔ፣ ቃሌን ያከበርክልኝ አንተ። አንድ ቀን እንኳ እስቲ አጫውተኝ ብልህ ምን ነበረበት? ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ከአስተማሪዋ ይልቅ።

ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ይዤ ጣቢያው ሄድኩና መዋሸቴን ነገርኳት። ፈርሂያ አልተቆጣችኝም፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እጇን ዘረጋች። ያን ጊዜ እጄ አልፈታ አለ። ቃልህ ከሌላ ሴት አፍ ሲወጣ ቁጭ ብዬ ልሰማ? እንዴት ተደርጎ! እኔው ራሴ አነበዋለሁ አልኳት። ደንገጥ አለችና፣ ሐየ፣ እሺ ብላ ሳቀች።

ነገ ማክሰኞ ነው። ሐሊማ ለከተማው አውርታ ጨርሳለች። ከጻፍከው ቃል አልጨምርም፣ አልቀንስም፤ አስተማሪዋንም እጠራታለሁ፣ አራቱንም ጊዜ፣ ጥርሴን ነክሼ። ማስታወስ ማለት ለኔ ይኸው ነው፤ ጉልበቴ እስከቻለ በየሳምንቱ እዚያ ወንበርህ ላይ እቀመጣለሁ። ደብተርህ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ብቻ እጨምርበታለሁ። የመጨረሻው ሙዚቃ ሲገባ፣ ይሄ ከሚስቱ ለታደሰ ነው እላለሁ። ደገሀቡርም ይስማ።