የመኪናሽን ዘይት ማን እንደ ጠጣው

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለእትዬ ጥሩሸዋ፤ ሮም።

እንደምን ከርመሻል? በስልክ ከተነጋገርን ሁለት ወር አልፎናል፤ ያን ቀንም የጠየቅሁሽ ስለ መኪና እንጂ ስለ ጤናሽ አልነበረም። ዛሬ በደንቡ ልጠይቅሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት መውረዱስ ቀለል አለልሽ? ዮሴፍ ልጅሽ አዲሱን ሥራ ለመደው? የምታስታምሚያቸው አሮጊት ሲኞራስ አሁንም ሾርባው ጨው በዛው እያሉ ያስቸግሩሻል? እኛ ቸሩ መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና ነን። ብርዱ ገብቷል፤ ጠዋት ሜዳው ሁሉ ውርጭ ለብሶ ይታያል። እናታችን እማሆይም ደኅና ናቸው። «ደኅና ናቸው» ያልሁት ለወግ እንዳልሆነ ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ።

በመስከረም በስልክ የነገርሁሽን በስልክ ልመልሰው አልፈለግሁም፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ወረቀት ይሻላል። ገሠሠ የመኪናሽን ዘይት እየቀዳ ይሸጣል ብዬሽ ነበር። ሐሰት ነው። ገሠሠ አንዲት ጠብታ አልነካም። አንቺም ያን ጊዜ «አባይነህ፣ ሰውየውን ከመጠየቅህ በፊት ሞተሩን ጠይቅ» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ሮም ተቀምጦ የዘመሮን ሞተር መመርመር ቀላል ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁብሽ። ስለ ዘጋሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። መኪናዋን ለእማሆይ ሐኪም ቤት መመላለሻ ብለሽ ስትገዢልን ዕድሜዋ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር። እኔ መንጃ ፈቃድ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ መሪ አልነካም። ስለዚህ የእማሆይ የልብ ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር እርሻውን እየተወ ወደ ደብረ ብርሃን የሚነዳልን አብሮ አደጌ ገሠሠ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ። ጉድጓድ በገባ ቁጥር እማሆይ «አንተ ልጅ፣ ልቤን ልታሳክም ነው ወይስ ልትጨርሰኝ?» ይሉታል፤ እሱም «እማሆይ፣ ጉድጓዱ እኮ ከእኔ በፊት ነበረ» ይላቸዋል። መንገዳችን እንዲህ ነበር።

ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ዘይቱ መጉደል ጀመረ። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው በግምት አይሄድምና ደብተር ገዛሁ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አስቁሜ፣ ሞተሩ ሲበርድ የዘይት መለኪያውን ብረት እያወጣሁ፣ በጨርቅ እየጠረግሁ፣ መልሼ እያስገባሁ የደረሰበትን ጻፍሁ። ደብረ ብርሃን ደርሳ በተመለሰች ቁጥር ሁለት ሊትር ያህል ይጎድላል። ከሥሯ ነጭ አመድ ነስንሼ አሳደርኋት፤ ጠዋት አመዱ እንደ ነጣ ነው። ጢሱንም አየሁ፤ ከወትሮው የተለየ ነገር የለውም። አንድ ባለሙያ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት የፒስተኑ ፋሻ፣ ቀለበቱ ማለት ነው፣ አልቋል፣ ሞተሩ ወርዶ ሙሉ ጥገና ይደረግለት፣ እስከዚያው ወፍራም ዘይት ሙሉበት አለኝ። ኮፈን ሳይከፍት ለሚናገር ሰው ያለኝን አስተያየት ታውቂዋለሽ፤ ነግሬው ተለያየን። እንግዲህ የማይንጠባጠብ፣ የማይጨስ ዘይት የት ይገባል? ሰው ወሰደው ማለት ነው። ቁልፉ ያለው ደግሞ አንድ ሰው እጅ ነው። የእኔ ፊዚክስ እዚህ ላይ አለቀ።

መስከረም በባተ በአሥራ ዘጠኝ፣ በገብርኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ገሠሠን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ሕዝብ ሳይበተን፣ ማልልኝ አልሁት። የነፍስ አባታችን ቄስ መርስዔ ኃዘን እጄን ይዘው «መምህር፣ ብረት ለጠጣው ሰው አይምልም» ብለው ሊያስተዉኝ ሞከሩ። አሻፈረኝ አልሁ። ገሠሠ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ መቅደሱ ዞረና ማለ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። «በል እንግዲህ፣ በሌብነት የተማለበትን መሪ መልሼ አልይዝም» አለኝና ሄደ። ለአንቺ የደወልሁልሽ በማግሥቱ ነው። መማሉን አልነገርሁሽም። ቢምልም አላመንሁትም ነበር፤ ይህንንም ዕወቂው።

በጥቅምት የሚነዳልን ሰው አጣሁ። ቀጠሮው አለፈ፣ መድኃኒቱም አለቀ። የእማሆይ እግር አበጠ፤ ከምድጃው እስከ ደጃፍ ለመድረስ ሁለቴ ያርፉ ጀመር። እኔ በዚያ ጊዜ እንኳ የተናደድሁት በገሠሠ ነበር። በመጨረሻ በኅዳር መጀመሪያ አንድ የማላውቀውን ሾፌር ለምኜ ተነሣን። ከመነሣታችን በፊት ዘይቱን እኔው ሞላሁ፣ ኮፈኑን እኔው ዘጋሁ፣ ቁልፉንም እኔው ይዤ አደርሁ።

ሞላሌን አልፈን ጣርማ በር ልንደርስ ስንል ቀዩ የዘይት መብራት በራ። ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመ። መለኪያውን ባወጣ ጫፉ ላይ እንኳ የረባ ዘይት የለም። ጉሙ እግር ከእግር አያሳይም፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። እማሆይ ባና ተከናንበው ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ በመስኮቱ ተመለከቱኝና «ይኸው ገሠሠ የለም። የዛሬውን ማን ጠጣው?» አሉኝ።   አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደርሶ ከራሱ ጀሪካን ዘይት ባይሰጠን ኖሮ የዚህ ደብዳቤ ወሬ ሌላ ይሆን ነበር። ስሙን ሳልጠይቀው ጉሙ ውስጥ ገባ፤ እግዚአብሔር በመንገዱ ሁሉ ይከተለው።

ሐኪም ቤት በጊዜ ደረስን። ሐኪሙ ውኃ በሰውነታቸው መጠራቀሙን ነግሮን አስተኛቸው፤ ሳምንት ብትዘገዩ ኖሮ አስቸጋሪ ነበር አለኝ። ሦስት ቀን ተኝተው እብጠቱ ጎደለ፣ ትንፋሻቸውም ተመለሰ። ተመስገን።

በዚያ መካከል መኪናዋን ከሾፌሩ ጋር ወደ ጋራዥ ወሰድኋት። ስንታየሁ የሚባል፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ የማይቸኩል ባለሙያ አገኘሁ። አስቀድሞ ከሥሯ ገባና «መምህር፣ እስቲ ጎንበስ ይበሉ» አለኝ። ሆዷ በሙሉ እስከ ኋላ ድረስ በዘይትና በአቧራ ተለውሷል። ቆማ አታንጠባጥብም፤ ስትሄድ ነው የምትተፋው፣ ነፋሱም ወደ ኋላ ይረጨዋል አለኝ። አመዴን የነሰነስሁት ግን ቆማ ሳለች ነበር። ቀጥሎ ኮፈኑን ከፈተና ከሞተሩ ራስ የሚወጣውን የትንፋሽ ቱቦ ይዞ ወደ እኔ ዞረ። «ይህን ማን ነው የወተፈው?»

እኔ ነኝ እትዬ። በየካቲት፣ አቧራው ሲበረታ፣ የዚያ ቱቦ ጫፍ ሁልጊዜ ዘይት እያላበው ሞተሩን ሲያቆሽሽብኝ ከእማሆይ የጠጉር ቅርጫት አንድ እፍኝ የታጠበ የበግ ጠጉር አንሥቼ በእንጨት ጠቅጥቄ ደፈንሁት። አቧራ እንዳይገባ፣ ንጹሕ እንዲሆን ብዬ። ስንታየሁ ጠጉሩን በጉጠት ጎትቶ ሲያወጣው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። «ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ አፍና አፍንጫውን ካፈኑት ትንፋሹ ዘይቱን ይዞ ባገኘው ስፌት ይወጣል። ይህን ለተማሪዎችዎ አያስተምሩም?» አለኝ። አስተምራለሁ አልሁት። 

ያ ደብተር አሁን ከፊቴ ነው። ቀኑ፣ ልኩ፣ የጉዞው ርዝመት ሁሉ ተጽፏል። ጠጉሩ የለበትም። ጽዳት ነው ብዬ እንጂ ጥፋት ይሆናል ብዬ አላሰብሁትምና አልጻፍሁትም። ስንታየሁ ቱቦውን አጥቦ፣ በመጨረሻው ጉዞ ግፊቱ ጨርሶ ያበላሸውን አንድ የዘይት ማገጃ ጎሚኒ ቀይሮ ሸኘኝ። ሞተሩ መውረድ አያስፈልገውም፤ አሮጊት ናትና ትንሽ ትቀምሳለች፣ ከመንገድ በፊት ለኩ፣ ከምልክቱ በላይም አትሙሉ አለ። ወፍራም ዘይት ሙሉ ያለኝን ሰው አለመስማቴንም ስነግረው ደስ አለው።

ዘመሮ እንደ ተመለስን ቄስ መርስዔ ኃዘን ዘንድ ሄድሁ። «በአደባባይ ያስማልኸውን በጓዳ ይቅር በለኝ አይባልም» አሉኝ። ማክሰኞ ዕለት ከአጥራችን ሥር ድንጋይ አንሥቼ፣ እንደ አገሩ ደንብ በማጅራቴ ተሸክሜ፣ በገበያው መንገድ አድርጌ ወደ ገሠሠ አውድማ ወረድሁ። ያ ሁሉ ሰው አየኝ። ገሠሠ ገብሱን በላይዳ እየወረወረ ከገለባው ይለያል። ሚስቱ ሸዋረጋ ከሩቅ አየችኝና «መምህር፣ ድንጋዩን መዝነውት ነው የመጡት ወይስ በግምት ነው?» አለች። የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። ገሠሠ አልሳቀም። ቀና ብሎ አየኝና «ነፋስ መጥቷል፤ ነፋሱ እስኪያልፍ ጠብቅ» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። ልክ ነው፤ ነፋስ አይለመንም፣ ይቅርታ ለማኝ ግን መቆም ይችላል። አንገቴ እስኪደነዝዝ ጎንበስ እንዳልሁ ቆምሁ።

ነፋሱ ሲያርፍ መጣ። አንተ ንጹሕ ነህ፣ ዘይቱን ያፈሰሰው የእኔ እጅ ነው፣ በሐሰት ወንጅዬ አስምዬሃለሁ፣ ስለ ገብርኤል ብለህ ይቅር በለኝ አልሁት፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።  ከዚያ ድንጋዩን ከማጅራቴ አነሣና በእጁ እያገላበጠ «ይህስ ለጎማ ታኮ ይሆናል። የእጅ ፍሬኑ አይዝም ብዬ ስንት ጊዜ ነገርሁህ፤ እሱን ጽፈኸዋል?» አለኝ። አልጻፍሁትም ነበር። «እማሆይ ቀጠሯቸው መቼ ነው?» አለ ቀጥሎ።

በሳምንቱ አጋማሽ እሱ ነድቶ ለክትትል ደርሰን ተመለስን። ዘይቱን ለካሁ፤ የጎደለው የትንሿን ጣቴን ውፍረት አይሞላም። ስለዚህ ለሞተር ማውረጃ ገንዘብ ለመላክ አስበሽ እንደሆነ ተይው። ለመኪናዋ አመሰግንሻለሁ፤ ለዚያች በስልክ ላልሽኝ ቃል ግን ከመኪናዋ ይልቅ አመሰግንሻለሁ። የገሠሠን ስም በእኔ ቃል የሰማ ሰው እዚያ ካለ ይህን አንብቢለት።

እማሆይ በጾሙ ምክንያት ከሐኪሙ ጋር ቢከራከሩም ደኅና ናቸው፤ በረከታቸው ይድረስሽ። አባይነህ ሌላ ቦታ ሳይወትፈው ብለው የቀረውን ጠጉር ፈትለው ባና አሠርተውልሻል፤ ሰው ሲገኝ እልከዋለሁ። ባለቤቴ እፀገነት ናፍቆቷ ብዙ ነው። ቄስ መርስዔ ኃዘን በጸሎት አስብሻለሁ ብለዋል። ሸዋረጋ ሳቋን ልካልሻለች። ዮሴፍን ሳሚልኝ፤ ሲኞራንም ሰላም በያቸው። ገሠሠ ደግሞ ሰላም ብሎሻል፤ ድንጋዩን ከኋላ ጎማ ሥር አኑሮታል፤ ለመነሣት በተዘጋጀን ቁጥር መሪውን ይዞ ይቀመጥና ወርጄ እስካነሣው ድረስ ይጠብቀኛል።

ወንድምሽ አባይነህ
ዘመሮ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.