ገጽ መቶ ሠላሳ ስድስት ላይ ስለቆመው መታወቂያዬ

ለወረዳችን የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አቃቂ ቃሊቲ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ሠራተኞችዎ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና ፈጣን የማንበብ ችሎታ እመኛለሁ። እኔ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ የምኖር ካሳሁን ፀሐዩ ነኝ፤ ደህንነቴን ከፈለጉ፣ ከክፍለ ከተማው እንዳልወጣ ስላዘዙ፣ የት እንደምገኝ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ነገሩን ላልሰሙ አንባቢዎች በቅደም ተከተል ላስረዳ። ከወረዳችን ቤተ መጻሕፍት «አሥራ ሦስተኛው ፉርጎ» የሚባል የፖሊስ ልብ ወለድ ተውሼ አነበብኩ። ቤተ መጻሕፍቱ አንባቢ አስተያየቱን ጽፎ ሳጥን ውስጥ እንዲከት ስለሚጠይቅ፣ እንደ ልማዴ በሁለት ወረቀት ጻፍኩ። በመጀመሪያው የመጽሐፉን ርዕስና ምስጋናዬን፣ በሁለተኛው ትችቴን አሰፈርኩ፦ ኢንስፔክተሩ ጥይት ሳይሞላ በአንድ ሽጉጥ ሃያ ሦስት ጊዜ መተኮሱን፤ ከባጃጅ ዘልሎ በሚሮጥ ባቡር ጣሪያ ላይ ማረፉ ከስሌት ጋር እንደማይስማማ፤ የመጋዘን ጠባቂው አስከሬን ከአቃቂ ድልድይ ሥር ከተጣለ በኋላም ፖሊስ ጨርሶ እንዳልፈለገው።

ቤተ መጻሕፍቱ ቀለም እየተቀባ ስለነበር ግን ሳጥኑ ወደ ኮሪደር ወጥቶ ከእርስዎ የጥቆማ ሳጥን ጋር አንድ ሆኖ ኖሯል። ዓርብ ዓርብ የሚከፍተው ኮሚቴ «መጽሐፍ» የሚል ያየበትን ወረቀት ለቤተ መጻሕፍት፣ «ፖሊስ» የሚል ያየበትን ለእርስዎ ይለያል። በዚህ ጥንቃቄ የተሞላ አሠራር ምስጋናዬ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ለፈርዶሳ፣ አስከሬኑ ለእርስዎ ደረሰ። የተጠራሁትም ልጄ ሊዲያ ሐዋሳ ላይ ወንድ ልጅ በወለደችበት ዕለት ነው። ዛሬ ሠላሳ አራተኛ ቀኑ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ምስጋና አቀርባለሁ፦

፩. ጥቆማዬን በትጋት ስለተቀበሉ። በሰፈራችን ስለጠፋው የመንገድ መብራት ሦስት ጊዜ አመልክቼ የጠራኝ አልነበረም፤ ለካ ጉድለቱ አስከሬን ሳልጨምርበት መቅረቴ ኖሯል።

፪. ፈርዶሳ የመጀመሪያውን ወረቀት ይዛ መጥታ ነገሩን ስታስረዳ፣ ፊርማዬ ያለው በሁለተኛው ላይ ብቻ በመሆኑ የመጀመሪያው የማን እንደሆነ አይታወቅም ተብላ ተመልሳለች። ተማሪዎቼን በየወረቀቱ ስማችሁን ጻፉ እያልኩ ስቀጣ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ በዚህ ልከራከር አልችልም።

፫. ልብ ወለድ መሆኑን ላሳይ ይዤው የቀረብኩትን መጽሐፍ መርማሪው አቶ ጌዲዮን በኤግዚቢትነት፣ መታወቂያዬን ደግሞ በመያዣነት ተረክበው፣ መጽሐፉ ተነብቦ ልብ ወለድነቱ ሲረጋገጥ ፋይሉ እንደሚዘጋ አሳውቀውኛል። መታወቂያዬ የገጽ ማቆሚያ ሆኖ እያገለገለ ነው። ጠዋት ጠዋት ለመፈረም ስመጣ ፎቶግራፌ ከየትኛው ገጽ አንገቱን እንዳወጣ በማየት ምርመራው የደረሰበትን እረዳለሁ፤ ዛሬ ጠዋት መቶ ሠላሳ ስድስት ላይ ነበር። ድልድዩ ከቢሮዎ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ በንባብ ግን፣ አስከሬኑ የሚጣለው ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ላይ ስለሆነ፣ ሃያ ቀን ይቀረናል።

፬. ቢሮዎ ለሥነ ጽሑፍ ስላለው ፍቅር። አቶ ጌዲዮን የማሳደዱን ክፍል ሁለት ሁለቴ ነው የሚያነቡት። ቅዳሜና እሑድ መጽሐፉን ቤቷ የምትወስደው የመዝገብ ቤቷ አስካለች፣ ኢንስፔክተሩ ይህን ሁሉ ከሚሮጥ ትዳር ቢይዝ ይሻለው ነበር ባይ ናት። የበር ጥበቃው አቶ ጃለታ በበኩላቸው «መምህር፣ ለምንድነው ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ጥበቃው?» ሲሉ ጠይቀውኛል፤ እስካሁን ከሰማኋቸው የአንባቢ አስተያየቶች ሁሉ ብልሁ ይህ ነው። መጨረሻውን በአጭሩ ልንገርዎትና እንገላገል ያልኳቸው አቶ ጌዲዮን ግን ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ጋሼ፣ በማርያም፣ እንዳያበላሹብኝ!» አሉኝ።

፭. ስሌቱን እንድሠራ ጊዜ ስለሰጡኝ። መጽሐፉ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ገጽ ነው፤ ቢሮዎ በቀን አራት ገጽ ያነባል፤ የቀረው መቶ ሃምሳ ሁለት ገጽ ሠላሳ ስምንት ቀን ይፈጃል። ያኔ ሕፃኑ ሰባ ሁለት ቀኑ ይሆናል። ሴት ብትሆን ኖሮ ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነውና ስምንት ቀን ተርፎኝ እደርስ ነበር። ልጄ ወንድ በመውለዷ፣ ጽሕፈት ቤትዎንም ሳታማክር በመውለዷ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ክርስትናው የዛሬ ስድስት ቀን ነው። ባለቤቴ አሰጋሽ ቀድማኝ ሄዳለች፤ እኔ እዚህ ሽሮ አሳርራለሁ። ስም የማውጣቱ ነገር ለአያቱ ተትቶ ልጁ እስከ ዛሬ «ማሙሽ» ነው፤ ስሙን በስልክ ንገረን ሲሉኝ፣ ስም ልጅ ታቅፎ እንጂ በስልክ አይወጣም ብዬ እምቢ አልኩ፤ አሁን እልኼ እኔኑ ያዘኝ። የሐዋሳ መኪኖች በደጃፌ ትይዩ ባለው አስፋልት ያልፋሉ። ረዳቶቹ «ሐዋሳ! ሐዋሳ! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ይጣራሉ። የቀረው አንድ ሰው እኔ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይነቃነቅ አድራሻ ጋር፣
ካሳሁን ፀሐዩ
ጡረተኛ መምህርና የአስከሬን ጠቋሚ

ግልባጭ፦
ለሕፃኑ፣ ሐዋሳ (ስሙ ሲወጣ የሚሞላ)

ማሳሰቢያ፦ በሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ ለደከመ ተማሪ መልሱን ቀድሜ ነግሬ አላውቅም። አቶ ጌዲዮን ይቅር ይበሉኝ። ገዳዩ የኢንስፔክተሩ የቅርብ አለቃ ነው፤ ገጽ ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ። ፋይሉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሲያጓትት የኖረውም እሱው ራሱ ነው። እንግዲህ ለማንበብ የሚያጓጓ ነገር ስላልቀረ፣ መታወቂያዬን ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥቼ እወስዳለሁ።