ስለ ናፍጣዋ መኪናችንና ስለ ተቆለፈበት ቃሬዛ

ለተከበሩ መሪጌታ ተክለ ማርያም፣
የመንደራችን የቃሬዛ ማኅበር ሊቀ መንበር፣
ላይ ጋይንት

ጤናዎ እንደ ቤንዚን ሞተር በአንድ ቁልፍ የሚነሣ፣ ዕድሜዎም እንደ ናፍጣ ሞተር ረጅም ይሁንልዎ እያልኩ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ጎንበስ ያልኩት ከአክብሮት ብቻ አይደለም፤ ትናንት ጠዋት መኪናችንን ስገፋ ወገቤን ስለያዘኝም ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ማኅበራችን ሕመምተኛና ወላድ ወደ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል የምታደርስ አሮጌ መኪና ሊገዛ ሲመክር፣ ናፍጣ ትሁን ብዬ አንድ ሙሉ የሰንበት ከሰዓት የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ጉልበቷን፣ ዳገት አለመፍራቷን፣ ቆጣቢነቷን ዘረዘርኩ። የቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ እንደሚለኮስ፣ የናፍጣው ግን አየሩን ጨምቆ በሚፈጥረው ሙቀት እንደሚቀጣጠል ሳስረዳ፣ ጉባኤው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ገብሱን ውርጭ በሚያነጣበት በእኛ ንጋት ያ ሙቀት ከየት እንደሚመጣ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አላስቸገርኩም።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ቀድሞ አንድን በሽተኛ ስምንት ሰው ይሸከም ነበር። ዛሬ በሥልጣኔያችን ዐሥራ ስድስት ሰው በሽተኛውን ከነመኪናው ይገፋል። ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ ላቀች ታመው ከውስጥ ተኝተው ሳለ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ልጄ ቀለመ ወርቅ፣ እኔ ልውረድና ልግፋ፤ ከእኔ የባሰባት እሷ ናት» ማለታቸው በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

፪ኛ/ እስቴ ያለው አማቼ ምንተስኖት፣ ሰፈሩ የገዛትን የቤንዚን መኪና ሲያሳየኝ «ነዳጅ እንደ ጠላ የምትጨልጥ» ብዬ አፊዤባት ነበር። እርግጥ ትጨልጣለች፤ ግን ጨልጣ ትሄዳለች። የእኛዋ ፀሐይ እስክትሞቅ ስለማትነሣ በቁጠባ የሚደርስባት የለም።

፫ኛ/ ልጄ ወለተ ሚካኤል ወሯ ገብቷል፤ ምጥ ደግሞ ፀሐይ አይጠብቅም። ቃሬዛውን ከተቆለፈበት እንዲያወጡልኝ ብለምንዎ፣ «ቃሬዛ ከዛሬ ጀምሮ ከአገልግሎት ተሰናብቷል፤ ይህም በማናቸውም ምክንያት አይሻርም» የሚለውን ውሳኔ አነበቡልኝ። ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በማናቸውም ምክንያት» የምትለዋን ለድምቀት ጨምሬ፣ ሲጨበጨብልኝ ጊዜ ደግሜ አንብቤያታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩትን ከቁም ነገር የሚቆጥር አንባቢ ስፈልግ ኖሬ፣ ባልፈለግሁበት ቀን እርስዎን አገኘሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ቁልፉን ይስጡኝ። ስለ ናፍጣ የተናገርኩትን ሁሉ በጉባኤው ፊት እሽራለሁ፤ ወገቤ ከፈቀደም ቃሬዛውን ከፊት እይዛለሁ።

በውርጭም በፀሐይም ለመግፋት የተዘጋጀ ታዛዥዎ፣
ቀለመ ወርቅ አገኘሁ፣
የቀድሞ የናፍጣ ጠበቃ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው ሳይላክ ዛሬ ማለዳ ወለተ ሚካኤልን ምጥ ያዛት። መኪናዋ አልተነሣችም። በአልጋ እንዳንሸከማት አልጋው በበሩ አልወጣ አለን፤ በሩን ራሱን ነቅለን፣ በእሱ ላይ አስተኝተን አደረስናት። በሰላም ተገላግላለች። በሩ ገና ከንፋስ መውጫ ስላልተመለሰ፣ መልስዎን ይዘው ሲመጡ ማንኳኳት አያስፈልግዎትም።